ስለ ስድብ ቃልና ስለ አንደበት ነፃነት

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ



በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አጤ ምኒልክ አንድ ዐዋጅ አስነገሩ። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ሹመት ስለ ተጀመረ፣ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሡት ያንን ነው፤ ይህኛው ግን ብዙ ጊዜ በአጭሩ ይታለፋል። ዐዋጁ የግብር ዐዋጅ አልነበረም፤ የክተት ዐዋጅም አልነበረም፤ የስድብ ዐዋጅ ነበር እንጂ። ሠራተኛን በሥራው እየነቀፈ የሚሰድብ ሁሉ ከዚህ አመሉ እንዲከለከል የሚያዝ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ የስድቡን ዐይነት በየተራው አነሡት። ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ጸሐፊው፣ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንኳ ሳይቀር፣ እያንዳንዱ እንጀራውን በሚበላበት ሥራ እየተጠራ እንደሚናቅ ገለጡ። ቀጥለውም ምክንያታቸውን ሰጡ። የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ ስለ ሆነ ሌላ ዘር የለም አሉ። በአውሮፓ አገር መድፍና ባቡር የሚሠራ ሰው ይመሰገናል፣ ረዳትም ይጨመርለታል እንጂ በሥራው አይሰደብም አሉ። በዚህ አገር ግን ከስድቡ ብዛት የተነሣ ማረሻ የሚሠራ ሰው እስኪታጣ ድረስ ምድሩ ጠፍ ሊሆን ነው ብለው አዘኑ። ፍርዱም እንዲህ ነበር፤ ከእንግዲህ ወዲህ ሠራተኛን የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቈጠራል፤ አንድ ዓመትም ይታሰራል። አንድ ዓመት ማሰር የሚቸግረው ሹም ቢኖር ግን ተሳዳቢውን ይዞ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ እንዲሰድ ታዘዘ።

ይህን ዐዋጅ ዛሬ የሚያነብ ሰው ሁለት ጥያቄ ይነሣበታል። አንደኛው፣ መንግሥት በሰው አንደበት ላይ ዘበኛ ሊያቆም ይገባዋልን? የሚለው ነው። ሁለተኛውም፣ ቢገባውስ ይሆንለታልን? የሚለው ነው። ብዙ ሰዎች ፊተኛውን ይዘው ይከራከራሉ፤ ሁለተኛውን ይረሱታል። ዳሩ ግን ሁለቱ የሚፈቱት አንድነት ነው፤ ስለዚህም አስቀድሞ የስድቡን ቃል ራሱን መመርመር ያሻል።

ብረት ሠሪው ይሰደብበት የነበረው ቃል ጠይብ የሚለው ነው። ይህ ቃል ከግእዙ ጠቢብ የወጣ ነው። ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ ብልህ፣ ጥበብ ያደረበት ማለት እንደ ሆነ ከዚህ ጉባኤ የሚስተው የለም። ሰሎሞን የተመሰገነበት ስም ይህ ነው። በኦሪት ዘጸአትም ባስልኤል የወርቁን፣ የብሩንና የናሱን ሥራ ይሠራ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት ተጽፏል፤ ሥራው እንደ ሆነ የአንጥረኛ ሥራ ነው። እንግዲህ በአነጋገር ብዛት አንዲቱ ፊደል ስትለወጥ ክብሩም አብሮ ተለወጠና፣ የምስጋናው ስም የነቀፋ ስም ሆነ። ስድቡ ያለው በፊደሉ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ጠቢብ የሚለው ቃል ከቶ ሊረክስ ባልቻለም ነበር። ያረከሰው የተናጋሪው ልብ ነው።

ፋቂ የሚለውም እንደዚሁ ነው። ቁርበት የሚያለፋው ሰው ፋቂ እየተባለ ይናቃል። ወንጌል የሚጻፍበት ብራናስ ሳይፋቅ ይሆናልን? ያው ቆዳ፣ ያው መፋቂያ፣ ያው የእጅ ሥራ ነው። አንደኛው ለኰርቻና ለጠፍር፣ ሁለተኛው ለዳዊትና ለወንጌል ስለ ሆነ ብቻ አንዱ በስድብ፣ አንዱ በክብር ይጠራል። የመስቀሉን ናስ ያቀለጠው፣ የጽናውን ሰንሰለት የቀጣጠለው፣ የጸናጽሉን ቅጠል የመታው እጅ የማን እጅ ነበር? ሰው መስቀሉን ይሳለማል፤ የሠሪውን እጅ ግን ይጸየፋል። በእጅ ሥራ የሚኖር ሰው ማረሻውን፣ ማጭዱንና ምጣዱን ሰጥቶ፣ ለዋጋው እህል ይቀበላል፤ በእህሉ ላይ ግን ስሙን ጨምረው ይሰጡት ነበር።

ከቃሉ በስተጀርባ ሌላ ቃል ነበረ፤ ይኸውም ቡዳ የሚለው ነው። ቀጥቃጩ ቀን ሰው ሆኖ ይውላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ በዐይኑም ሰው ይበላል ይባል ነበር። ይህን ነገር የሚያምን ሰው በስድቡ አይጸጸትም፤ ራሱን እንደ ተከላከለ ይቈጥረዋልና። ልጅ ሲታመም ጥርጣሬው ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ የታወቀ ነበር። በብዙ አገር የእጅ ባለሙያ ቤተ ሰብ ርስት አያገኝም፤ ከሌላው ጋራ አይጋባም። በደቡብና በምዕራብ ባሉ በአንዳንድ አውራጃዎችም ወደ ጎረቤቱ ቤት ገብቶ ከአንድ ገበታ እንዳይበላ የሚከለከል ወገን ነበረ፤ ይህም ልማድ ገና ፈጽሞ ያልጠፋበት ቦታ አለ። ስለዚህ የስድቡ ቃል ብቻውን የቆመ ነገር አልነበረም። የአንድ ትልቅ ቤት በር ነበር እንጂ። ዐዋጁ በሩን መታው፤ ቤቱን ግን አላፈረሰውም።

እንግዲህ ዐዋጁ ስለ ምን ፍሬው አነሰ? ቢባል፣ አንደኛው ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ይቀላል። ተሳዳቢውን ይዞ እንዲያስር የታዘዘው ሹም ራሱ የተሳዳቢዎቹ ዘመድና የገበታ ወዳጅ ነው። በገበያ ቀን በሰው ፊት የተሰደበ ቀጥቃጭ ከሳሽ ሆኖ ይቁም ቢባል፣ በማን ፊት ይቆማል? ምስክሮቹስ እነማን ናቸው? ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ማሰር የሚቸግረው ሹም ወደ እኔ ይስደድ ማለታቸው የሹሞቻቸውን ልብ ስለሚያውቁ ይመስላል። ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በጽኑ ደዌ ተያዙና፣ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐዋጁን ከንጉሡ በቀር የሚከታተለው አልነበረም።

ይህን ብቻ አይቶ ዐዋጁ ከንቱ ነበር የሚል ሰው ግን ይቸኩላል። እስከዚያ ቀን ድረስ የተሰደበው ሰው የሚመልሰው ቃል አልነበረውም፤ ስድቡም እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ያለ፣ የተፈጥሮ ነገር ይመስል ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ነውር መሆኑ በነጋሪት ተነገረ። ልማድን የሚሽረው ጊዜ ቢሆንም፣ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው አንድ ሰው ይህ ነውር ነው ብሎ በአደባባይ ከተናገረ በኋላ ነው። ዛሬ የጥበብ ሰው መባል ማዕርግ ሆኗል፤ የሞተር ጠጋኝና የብረት በያጅ ልጅ በአባቱ ሥራ የማያፍርበት ከተማ ብዙ ነው። ይህን ያመጣው ዐዋጁ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱና የሙያው ገቢ ከዐዋጁ ይልቅ ብዙ ሠርተዋል።

አሁን ወደ ሌላው ወገን መሄድ ይገባል፤ አንደበትን የሚጠብቅ ሁሉ ምኒልክ አይደለምና።

በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የሆነው እልቂት በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ከዚያ ሁሉ መከራ መካከል ግን አንዱ ትእዛዝ ለዚህ ንግግር ይጠቅማል። ግራዚያኒ በዚያው ወራት አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። በደላቸው የጣሊያን መንግሥት በቅርቡ ይጠፋል የሚል ወሬ በሕዝቡ መካከል ይነዛሉ የሚል ነበር። አዝማሪ የሚለው ቃል ከግእዙ ዘመረ የመጣ፣ የመዝሙር ዘመድ ነው፤ ነገር ግን በአገሩ ሰው ዘንድ አዝማሪ መባል ከጠይብ ያልተሻለ ነቀፋ ነበር። እነሆ፣ አገሩ የናቀውን ሰው ባዕድ ገዢ ፈራው። በእጁ ከማሲንቆ በቀር መሣሪያ አልነበረውም፤ ቃሉ ግን ከምሽግ ጀርባ ለተቀመጠ ጌታ አስፈሪ ሆነ።

ሁለቱም፣ የ1900ው ዐዋጅና የ1929ኙ ትእዛዝ፣ ሰውን በተናገረው ቃል የሚቀጡ ነበሩ። አንድ ሰው፦ አንደበትን መቅጣት መልካም ነው ወይስ ክፉ? ብሎ በአጭሩ ቢጠይቅ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሊያደርጋቸው ነው። ልዩነታቸው ግን ቃሉ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ሲታይ ይገለጣል። የመጀመሪያው፣ ብዙዎችና ባለ ርስቶች መልስ በሌለው ሰው ላይ የሚወረውሩትን ቃል ከለከለ። ሁለተኛው፣ መልስ የሌለው ሕዝብ በጌታው ላይ የሚያንጐራጕረውን ቃል ከለከለ።

በጥንቱ የኢትዮጵያ ልማድ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ነገር ግን በዚያው አገር መኳንንቱ እረኛ ምን አለ? ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር ደግሞ ይነገራል። ፊት ለፊት የማይነገረውን ነገር እረኛው በዜማ፣ አዝማሪው በቅኔ፣ አልቃሿም በሙሾ ታደርሰው ነበር። ይህ በሕግ ያልተጻፈ የአንደበት ነፃነት ነበር፤ ሰፊ ነበር ለማለት ግን አይቻልም። የተናጋሪው ደኅንነት በሰምና ወርቁ ውፍረት ላይ የተንጠለጠለ ነበርና፣ ብልህ ያልሆነ እውነተኛ ሰው ይጎዳበት ነበር።

ከዚያም ወዲህ ባለው ዘመን፣ በንጉሡም ሆነ በደርጉ መንግሥት፣ ጽሑፍ ሁሉ ከመታተሙ አስቀድሞ በመርማሪ እጅ ያልፍ ነበር። የምርመራው ነገር ከዚያም አልፎ እንግዳ ነው፤ መርማሪው አንብቦ ያለፈው መጽሐፍ እንኳ አይድንም። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ከየመጻሕፍት መደብሩ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የተሰበሰበው መጽሐፍ ግን ባለመታየቱ ተፈላጊነቱ ጨመረ እንጂ አልተረሳም። ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በ29ኛው አንቀጹ ሐሳብን የመግለጥን ነፃነት ደንግጎ ቅድመ ምርመራን ከለከለ።

ቃል በገዢ ላይ ሲነገር ገዢው ምን ሊያደርግ እንደሚገባው ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ሕግ ያወጣው ታላቁ ቴዎዶስዮስ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ387 ዓ.ም. የአንጾኪያ ሰዎች በግብር መክበድ ተቈጥተው የንጉሡንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ጥለው ሰበሩ። ከተማው በሙሉ ሞትን ይጠብቅ በነበረበት በዚያ ጾም፣ ያን ጊዜ ገና ቄስ የነበረው ዮሐንስ አፈወርቅ ሕዝቡን ከቀን ወደ ቀን ያስተምር ነበር፤ ጳጳሱ ፍላቢያኖስም ወደ ንጉሡ ሄዶ ለመነ፤ ንጉሡም ማረ። ከስድስት ዓመት በኋላ በ393 ቴዎዶስዮስ ስለ ስድብ ሕግ አወጣ። ማንም ሰው ንጉሡን በክፉ ቃል ቢሰድብ በተለመደው ቅጣት እንዳይቀጣ አዘዘ። ቃሉ ከቀላልነት የመጣ ቢሆን ሊናቅ፣ ከእብደት የመጣ ቢሆን ሊታዘንለት፣ ለማዋረድ የተነገረ ቢሆን ይቅር ሊባል ይገባዋል አለ። ዳኞችም ራሳቸው ከመፍረድ ተከልክለው፣ ሰዎቹ በጠባያቸው ተመዝነው ነገሩ መታለፍ ወይም መመርመር እንዲገባው ይታይ ዘንድ፣ ጉዳዩን ሳይነኩት ወደ ንጉሡ እንዲልኩ ታዘዙ።

ሁለቱ ነገሥታት፣ ከአንድ ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በሚበልጥ ዘመን ተለያይተው፣ ሹሙ ተሳዳቢውን ወደ እነርሱ እንዲልክ አዝዘዋል። ምኒልክ ይህን ያዘዙት ድኻውን የሰደበ ሰው ሳይቀጣ እንዳያመልጥ ነው። ቴዎዶስዮስ ያዘዘው ንጉሡን የሰደበ ሰው ሹሙን ለማስደሰት በሚቸኩል ዳኛ እጅ እንዳይጠፋ ነው። አንዱ በሠራተኛው ላይ የተነገረውን ስድብ ወደ ራሱ ወሰደ፤ ሌላው በራሱ ላይ የተነገረውን ስድብ ከራሱ አወረደ። አንደበትን በሚመለከት ነገር ገዢ ከሁለቱ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስልም።

የቴዎዶስዮስ ሕግ የወጣው በልጁ በአርቃዴዎስም ስም ጭምር ነበር። ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ያው አርቃዴዎስ ሊቀ ጳጳስ የነበረውን ዮሐንስ አፈወርቅን ወደ ግዞት ሰደደው፤ ከተነሣበት ክስ አንዱ ንግሥቲቱን አውዶክስያን በስብከቱ ሰድቧል የሚል ነበር። ዮሐንስም በ407 በግዞቱ መንገድ ዐረፈ። ሕጉ ሲጻፍ በስሙ ያጸደቀው ሰው፣ ቃሉ ቤቱን ሲነካ ረሳው።

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ስለ ነፃነት ይከራከራል፤ ነገር ግን ሌላ ምስክር አለ፤ እርሱም ሩዋንዳ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረ አንድ የግል ሬዲዮ፣ ቱትሲ የተባሉትን ወገኖች ኢንየንዚ፣ ማለት በረሮ፣ እያለ ይጠራቸው ነበር። መጀመሪያ በቀልድና በዘፈን ነበር፤ ሬዲዮውም እጅግ የተወደደ ነበር። በሚያዝያ ወር 1994 ግድያው ሲጀመር ግን ያው ድምፅ የሰዎችን ስምና የተሸሸጉበትን ቦታ እያነበበ ገዳዮቹን ይመራ ጀመር። በአሩሻ የተቀመጠው የዓለም መንግሥታት ፍርድ ቤት በ2003 የሬዲዮውን ሁለት መሥራቾችና የአንድ ጋዜጣ ባለቤት ፈረደባቸው፤ በ2007ም በይግባኝ ከክሱ አንዳንዱ ተሰርዞ ቅጣቱ ተቀነሰ። ሰውን በረሮ ብሎ መጥራት ብቻውን ሰውን አይገድልም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በረሮን ለመግደል ማንም ሰው አይጨነቅም። ሰውን ጅብ ይሆናል ከማለት ጋራ ያለው ዝምድና ለኢትዮጵያዊ ሰው ማስረዳት አያሻውም።

እንግዲህ ሕግ የት ይቁም? የዚህ ንግግር ፍርድ እንዲህ ነው። ቃል በባለሥልጣን ላይ ቢነገር፣ የቱንም ያህል መራራ ቢሆን፣ ሕግ እጁን ይሰብስብ፤ ባለሥልጣን መልስ የሚሰጥበት አደባባይ አያጣምና። ቃል ደካማውን ወገን ለእጅ ሥራ፣ ማለት ለድብደባ፣ ለማፈናቀልና ለግድያ የሚያዘጋጅ ሲሆን ግን ሕግ ሳይዘገይ ይድረስ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ፣ ይኸውም የጎረቤት ስድብ፣ የገበያ ቅጽል ስም፣ የሠርግ ቤት ተረብ፣ የፖሊስ ሳይሆን የወላጅ፣ የሽማግሌና የንስሐ አባት ሥራ ነው። ለዚህ ሁሉ ወህኒ ቤት ይሠራ ቢባል የአገሩ ድንጋይ አይበቃም፤ የሚጠብቀውም ዘበኛ አይገኝም፤ ዘበኛውም ይሳደባልና።

በዚህ ላይ አንድ ሰው፦ የወላጅና የሽማግሌ ተግሣጽ ለምኒልክ ዘመን ቀጥቃጭ ምን ጠቀመው? ሽማግሌዎቹስ አብረው ይሰድቡት አልነበረምን? ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው የተገባ ነው። ሽማግሌው ራሱ ወገንተኛ በሆነበት ስፍራ የመካከሉ ሜዳ ለተሰዳቢው ምድረ በዳ ነው፤ ስለዚህ የ1900ው ዐዋጅ ከወሰኑ አልፎ ወደዚያ ሜዳ በመግባቱ የሚወቀስ አይደለም።

ዛሬ የሚሠራበት ሕግ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከልና ለመቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቊጥር 1185 ነው። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሰው ወይም በወገን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግር ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ነው፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ሕጉን የተቹ ሰዎች ጥላቻ የሚለው ቃል ወሰኑ በደንብ ስላልታወቀ፣ ባለሥልጣንን የሚነቅፍ ሁሉ ሊያዝበት ይችላል ብለው ሠግተዋል። የግራዚያኒን ትእዛዝና የኦሮማይን ነገር የሚያስታውስ ሰው ይህን ሥጋት ከንቱ ሊለው አይችልም። ሕጉ ራሱም ይህን በማሰብ ለትምህርትና ለምርምር፣ ለዜናና ለፖለቲካ ትችት፣ ለሥነ ጥበብና ለሃይማኖታዊ ትምህርት ቦታ ትቷል። የመምህሩ ዐውደ ምሕረት እንግዲህ ሕጉ ካለፋቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በዚያ ላይ የሚቆም ሰው ሌላውን ወገን በምን ቃል እንደሚጠራ የሚመለከተው ዳኛ በአቅራቢያው የለም።

የ2012ቱ ዐዋጅ ከሚዘረዝራቸው ምክንያቶች መካከል ግን አንድ የጎደለ አለ፤ ሥራ ነው። ምኒልክ በየስማቸው የጠሯቸው ሸማኔውና ብረት ሠሪው በአዲሱ ዝርዝር ውስጥ አልተጠሩም። በሥራው የተሰደበ ሰው እንደ ማንኛውም ተሰዳቢ በወንጀል ሕጉ ራሱ ከሳሽ ሆኖ ሊቆም ይችላል፤ ይህም ከመቶ ዓመት በፊት የቀጥቃጩ ጭንቅ የነበረው ያው ነገር ነው። ልጁን ለመዳር ሽማግሌ የላከ የሸክላ ሠሪ አባት፣ ምክንያቱ ሳይነገረው፣ በትሕትና ቃል፣ አንድም የሚያስከስስ ፊደል ሳይወጣ፣ አይሆንም ተብሎ ቢመለስ፣ ለዚያ የሚጠቀስ አንቀጽ በ1900ውም በ2012ቱም ዐዋጅ አይገኝም።